እርሙን ያላወጣሁለት ወንድሜ

ለተከበሩ አማካሪ፣

ጤና ይስጥልኝ። 38 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በመዘምራን ኅብረት ማገልገል ከጀመርኩ 14 ዓመት አለፈኝ። ሰው ሲያየኝ ጠንካራ ነኝ። ልቅሶ ቤት ጓዳ ገብቼ ወጥ የማሞቀው፣ ሰሃን የማጥበው እኔ ነኝ። አላለቅስም። የባለቤቴ አባት ሲሞቱ እንኳ እንባ አልወጣኝም። ሰው «ጌታ አጽንቷታል» ይላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ያደግኩት በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ቤተሰቦቼ ኦርቶዶክስ ናቸው። እኔ ጌታን የተቀበልኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ በ20 ዓመቴ ነው። በ1989 ዓ.ም. ክረምት፣ የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ገበያ ስትወጣ «ወንድምሽን ጠብቂ» አለችኝ። እሱ 5 ዓመቱ ነበር። እኔ ከጎረቤት ልጅ ጋር ደጃፍ ላይ ቅልሞሽ እጫወት ነበር። ጠጠሯን ወደ ላይ ስወረውር አጠገባችን ቆሞ ያየን ነበር። ቀና ስል የለም። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ያለው ወንዝ ሞልቶ ነበር። ያገኙት ማታ ነው።

እናቴ ያን ቀን ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የት ነበርሽ?» ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ከእኔ ጋር አውርታ አታውቅም። የልቅሶው ሰሞን ጎረቤት ቤት አስቀመጡኝ። አክስቴ መጥታ «እናትሽ ፊት እንዳታለቅሺ፤ ልቧ ይፈነዳል» አለችኝ። እሺ አልኩ። ፎቶው ከግድግዳ ወረደ። በዓመቱ ወንድ ልጅ ተወለደ። ማስረሻ ተባለ።

ባለፈው ዓመት ወንዝ ዳር የጥምቀት ፕሮግራም ነበረን። እኛ መዘምራኑ ዳር ቆመን እንዘምራለን። ፓስተሩ አንድ ቀጭን ልጅ ይዘው ሲያጠልቁት ውሃው ፊቱ ላይ ሲከደን አየሁ። ድምፄ ጠፋ። ልጁ ወጣ፣ እልልታ ሆነ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ አፌን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሌሊት እየተነሣሁ ልጄ አፍንጫ ሥር እጄን አደርጋለሁ፤ ይተነፍስ እንደሆነ። ጥቅምት ላይ 5 ዓመት ሞላው። የሰንበት ትምህርት ልጆች ቢሾፍቱ ሐይቅ ሊሄዱ ነው ብሎ እየዘለለ ሲነግረኝ በጥፊ መታሁት። አላለቀሰም። ዝም ብሎ አየኝ። ይሄ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ።

ጸሎት ቤት ሄጃለሁ። አገልጋዩ «ከልጅነትሽ ጀምሮ የያዘሽ ነገር አለ» ብለው ጸለዩልኝ፤ ወደቅኩ፤ «ነፃ ወጥተሻል» አሉኝ። አንድ ሳምንት ደህና ሆንኩ። ከዚያ እዚያው። የቤት ኅብረት መሪያችን «ያለፈውን እርሺ፣ በክርስቶስ አዲስ ፍጥረት ነሽ» ትለኛለች። ጾም ጸሎት በያዝኩ ቁጥር «ወንድሜን ስላልጠበቅኩ ይቅር በለኝ» እላለሁ። 18 ዓመት ሙሉ። «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» የሚለው ቃል ሲሰበክ ሽንት ቤት የምሄድ መስዬ እወጣለሁ።

ፋሲካ ለታ እናቴ ቤት ነጠላ ልፈልግ ሳጥኗን ስከፍት፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ እግር ትንሽ ኮንጎ ጫማ አገኘሁ። ዘጋሁት። ባለቤቴ «በሕፃንነቱ የሞተ ወንድም ነበረኝ» ከማለቴ በቀር የሚያውቀው የለም።

እግዚአብሔር ይቅር አላለኝም ማለት ነው? አገልግሎት ላቁም? እናቴን ላናግራት ወይስ አሮጊት ሴት አላስጨንቅ?

የማስረሻ እህት፣ ከአዲስ አበባ

*

የማስረሻ እህት፣

«አንቺ» እያልኩ ልጻፍልሽ። በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም፤ ደግሞም «እርስዎ» እያልኩ ስለዚህ ነገር ማውራት አልችልበትም።

ደብዳቤሽን አንብቤ አስቀመጥኩት። ቡና አፈላሁና ተመልሼ አነበብኩት። ከምክሩ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። 29 ዓመት ዘግይቷል፤ ግን ይህን ቃል ያኔ ለአንቺ ያለሽ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለቅሶ ደራሹ ለእናትሽ ብሎታል፣ ለአባትሽ ብሎታል። ጎረቤት ቤት ለተቀመጠችው የ9 ዓመት ልጅ ማን ይላል? እሷም እኮ ወንድም ነው የሞተባት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እግዚአብሔር ይቅር አላለኝም ወይ ብለሽኛል። እስቲ እኔም ልጠይቅሽ። ክንዱ የተሰበረ ሰው በየቀኑ የወባ መድኃኒት ቢውጥ ይሻለዋል? መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሐኪሙም ጨክኖበት አይደለም። ሰውየው ወባ የለበትም፤ ያመመው ክንዱ ነው። አንቺ 18 ዓመት ሙሉ ስትናዘዢው የኖርሽው ነገር ኃጢአት አይመስለኝም። ሐዘን ነው። ይቅርታ የሚያቀልለው በደልን ነው። ሐዘን ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። ኢየሱስ በተራራው ስብከት «የሚያዝኑ ብፁዓን ናቸው፥ መጽናናትን ያገኛሉና» ይላል። ይቅርታን ያገኛሉና አይልም። አንቺ በየጾሙ የተሳሳተ በር ነው ስታንኳኪ የከረምሽው፤ ለዚህ ነው መልስ የጠፋብሽ።

«ራስሽን ይቅር በይ» የሚል ምክር ሳትሰሚ አልቀረሽም። ደግ ሰዎች ይሉታል። እኔ ብዙም አልወደውም። ይቅር ለማለት መጀመሪያ ጥፋተኛ መኖር አለበት። ልጅሽ ከአራት ዓመት በኋላ 9 ዓመት ይሆነዋል። ያኔ ቁጭ ብለሽ እጁን እዪው። ጣቶቹን፣ ጥፍሩን። ከዚያ የአንድ ሕፃን ነፍስ በዚያ እጅ ላይ መጣል ይቻል እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ።

ይህን ስል ጣትሽን ወደ እናትሽ እንድታዞሪ አይደለም። በዚያ ዘመን፣ በዚያች ከተማ ታላቅ ታናሹን ሳይጠብቅ ያደገበት ቤት ነበር? ጎረቤቷ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። አንዳንድ ሞት ጥፋተኛ የለውም። እርግጥ ይህን መቀበል ጥፋተኛ ከመሆን ሊከብድ ይችላል። ጥፋተኛ ከሆንሽ ቢያንስ ነገሩ በእጅሽ ነበር ማለት ነው። ጥፋተኛ ካልሆንሽ ግን የቀረሽ ማልቀስ ብቻ ነው። ማልቀስ ደግሞ ተከልክለሻል።

አገራችን ለዚህ ቃል አላት። እርም ማውጣት። ሰው ሩቅ አገር ሞቶ መርዶው ከዓመት በኋላ ሲመጣ፣ ቀብር የለ፣ አስከሬን የለ፣ ግን ድንኳን ይጣላል። «እርሟን ታውጣ» ይባላል። እናቶቻችን የሥነ ልቦና ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ያልተለቀሰ ሞት እቤት ውስጥ እንደሚቀር ግን ያውቁ ነበር። አንቺ ጋ ሲደርስ ያ ጥበብ ተዘነጋ። ክፋት አልነበረውም። አክስትሽ ለእህቷ ሰግታ ነው። ግን «እንዳታለቅሺ» ያለችው ለሰሞኑ ነበር። መጥቶ «በቃ፣ አሁን ማልቀስ ትችያለሽ» ያለሽ ሰው የለም። አንቺም ታዛዥ ልጅ ስለሆንሽ እስከ ዛሬ ትእዛዙን አክብረሽ ሆድ ይፍጀው ብለሽ ቆየሽ። ሰው ጽናት ያለው ይህን ነው።

ስለ አቤል ያልሽው ግን አላስተኛኝም።

ያ ጥያቄ የተጠየቀው ወንድሙን ወደ ሜዳ ወስዶ ለገደለ ሰው ነው። አንቺ ደጃፍ ላይ ጠጠር ይዘሽ ነበር። ታዲያ ለምን የአንቺ መሰለሽ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ቃሉን የምትሰሚው በእናትሽ ድምፅ ነው። የእናትሽ «የት ነበርሽ?» ጥያቄ አልነበረም፤ ጩኸት ነበር። ልጇ የሞተባት ሴት አፏ ላይ ከመጣው አንዱ። ሌላ ሰው ቆሞ ቢሆን ለእሱም ትለው ነበር። የ9 ዓመት ልጅ ግን ጩኸትን ከፍርድ አትለይም። ከዚያ ወዲህ እግዚአብሔር አፉን በከፈተ ቁጥር «የት ነበርሽ?» ሊልሽ የመጣ እየመሰለሽ ኖረሽ ይሆን? እውነት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለ ወንድም የተጠየቀ ሌላ «ወዴት» አለ። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11። እዚያ ቤት የሞተው ወንድም ነው፤ የሚያለቅሱት እህቶች ናቸው። ልክ እንደ አንቺ። ማርታ መጥታ «አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» ትለዋለች። ቆይታ ማርያም ትመጣለች፤ ያንኑ ትደግመዋለች። አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። አራቱን ቀን ሙሉ ይህን ነገር እርስ በርስ ሲባባሉት የከረሙ ይመስለኛል። ወቀሳ ነው፤ ማለዘብ አያስፈልገውም። «የት ነበርክ?» እያሉት ነው። ኢየሱስም አልተቆጣም። «እምነታችሁ የት ሄደ?» አላላቸውም። የጠየቀው «ወዴት አኖራችሁት?» ብሎ ነው። «ጌታ ሆይ፥ መጥተህ እይ» አሉት። እንባውን ያፈሰሰው እዚህ ላይ ነው። ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ።

እና አንድ ማታ ይህን አድርጊ። ልጅሽ ከተኛ በኋላ ብቻሽን ተቀመጪ። ምዕራፍ 11ን ከቁጥር 17 ጀምረሽ አንብቢና ቁጥር 37 ላይ አቁሚ። ድንጋዩ እስኪነሣ አትቸኩዪ፤ ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ ወደዚያ ታስቸኩለናለች። የማርታን ቃል በራስሽ አፍ በይው፤ «በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር»። እግዚአብሔርን እንዲህ ማለት ድፍረት ከመሰለሽ፣ ማርታ ቀድማሽ ብላዋለች፤ እንደ ወዳጅም ነው የተቀበላት። ከዚያ እሱ «ወዴት አኖራችሁት?» ብሎ እንደጠየቀሽ አድርገሽ መልሺለት። አየር ላይ ስላለችው ጠጠር ንገሪው። ስለ ወንዙ ንገሪው። ጎረቤት ቤት ስለተቀመጥሽበት መደብ፣ ከሩቅ ስለምትሰሚው ልቅሶ። «መጥተህ እይ» በይው። እንባ ባይመጣ ምንም አይደለም፤ እንባ ሲጠሩት አይመጣም። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ስትጨርሺ ፊትሽን ታጠቢና ለነገ ወጥ ሽንኩርት ክተፊ። ሲያሰኝሽ ደግሞ በሽንኩርቱ አሳበሽ ማልቀስ ትችያለሽ።

ፊት መታጠብ ካነሣሁ አይቀር፣ የታናሽ ወንድምሽ ስም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዳለ ታውቂያለሽ? ዮሴፍ ግብፅ ውስጥ ሹም ሆኖ የመጀመሪያ ልጁን ሲወልድ ምናሴ አለው። መከራዬንና የአባቴን ቤት እግዚአብሔር አስረሳኝ ለማለት ነው። በእኛው ቋንቋ ማስረሻ። እንግዲህ ረሳ ብለን ገጹን ስንገልጥ ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ይመጣሉ፤ ዮሴፍም ዘወር ብሎ ያለቅሳል። ሌላ ጊዜ እልፍኙ ገብቶ ያለቅስና ፊቱን ታጥቦ ይወጣል። ወጥቶ ምን እንዳለ ታስታውሻለሽ? «እንጀራ አቅርቡ።» ልቅሶ ቤት ጓዳ ገብተሽ ወጥ የምታሞቂው አንቺ ትዝ አልሽኝ። በመጨረሻ ግን አልቻለም። ሰዉን ሁሉ አስወጥቶ ጮኾ አለቀሰ፤ ግብፃውያን እስኪሰሙት። ልጁን ማስረሻ ስላለው የረሳው ነገር የለም።

«ያለፈውን እርሺ» ስላለችሽ የቤት ኅብረት መሪ አትቀየሚ። እኔም ብያለሁ። ከዓመታት በፊት ልጇን የቀበረች አንዲት እህት ቤት ሄጄ «እኛ ተስፋ እንደሌላቸው አናዝንም» ብዬ መክሬ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ መልእክቱን ከፍቼ አነበብኩት። ጳውሎስ አትዘኑ አላለም። ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ ነው ያለው። እዘኑ፣ ግን ተስፋ ይዛችሁ። ይህን ስረዳ ያችን ሴትዮ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሳገኛት ዝም ብዬ አቀፍኳት። አዲስ ፍጥረት መሆንም እንዲሁ ነው። አዲስ ፍጥረት ነሽ፤ ወንድም ግን ነበረሽ። ከትንሣኤ በኋላ ኢየሱስ ለቶማስ ያሳየው እኮ የችንካሩን ምልክት ነው። የከበረው ሥጋ ላይ ጠባሳው አልጠፋም።

የተጸለየልሽም ጸሎት አልሠራም አትበይ። እንደ እኔ ግምት ክዳኑን ከፍቶታል። ችግሩ ሥራው አለቀ መባሉ ነው። «ነፃ ወጥተሻል» ከተባለ በኋላ መልሶ የሚያመው ሰው በሕመሙ ላይ እፍረት ይጨመርበታል። አንቺ ላይ የሆነው ያ ነው። እንዲጸልዩልሽ ብትፈልጊ ሂጂ። ግን ዛር ወይ መንፈስ ከማባረሩ በፊት «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ፈልጊ። አንድ በዕድሜ የገፋች፣ ወሬ የማታወጣ እናት አታጡም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ አንዷ አለች።

ከእሷም በፊት ባለቤትሽ። ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችኋል? ሌሊት ስትነሺ አይነቃም? እኔ አልጋውን የሚጋራ ሰው አያውቅም ብዬ አላምንም፤ የማያውቀው ምክንያቱን ነው። ረጅም ወሬ አያስፈልግም። «ወንድሜ በሕፃንነቱ አልሞተም። 5 ዓመቱ ነበር። ወንዝ ወሰደው። ጠባቂው እኔ ነበርኩ።» አራት ዓረፍተ ነገር። ፊቱን ማየት ካቃተሽ መኪና ውስጥ ወይም መብራት ጠፍቶ ንገሪው። ምክር እንዳይጀምር ቀድመሽ «ዝም ብለህ ስማኝ» በይው። ወንዶች መፍትሔ ይወዳሉ።

አሁን ወደ ጫማው።

እናትሽን ላናግራት ወይስ አሮጊት ሴት አላስጨንቅ ብለሻል። ሁለቱም ስሜት ልክ ነው። «ቁስሏን አትንኪባት» የሚልሽ ሰው ይኖራል። ግን አስቢው። ያ አንድ እግር ጫማ 29 ዓመት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ጨርቁ ነጭ ነው ብለሽኛል። ነጭ ጨርቅ 29 ዓመት ነጭ ሆኖ አይቆይም፤ የሚያጥበው ሰው አለ። ቁስሏን እሷ ራሷ ስትነካው ነው የኖረችው። ብቻዋን። አንቺ እሷ ፊት እንዳታለቅሺ ተነገረሽ። እሷንስ «ልጅቷ ፊት እንዳታለቅሺ» ያላት ሰው አልነበረም ትያለሽ? እርስ በርሳችሁ ስትጠባበቁ ይሆናል የኖራችሁት።

ስለዚህ ሂጂ ነው ምክሬ። ግን ለባለቤትሽ ከነገርሽና የመጀመሪያው እንባ ከወጣልሽ በኋላ ነው፤ ሙሉ ጎርፍሽን እሷ ላይ አታፍስሺባት። በዓል ቀን አይሁን። ልጅሽንም አትውሰጂ። ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ። ስለ ወንዙ አትጀምሪ። እንዲህ ብቻ በይ። «እማዬ፣ ፋሲካ ለታ ነጠላ ስፈልግ ጫማውን አየሁት።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይረዝማል። አትሙዪው።

ልታለቅስ ትችላለች። «ማን ሳጥኔን ክፈቺ አለሽ?» ብላ ልትቆጣ ትችላለች። «ተይው ልጄ» ልትልም ትችላለች። «ተይው» ካለች እሺ በይና ስኒውን አንሺ። በሩ ተንኳኩቷል፤ እሷ በሌላ ቀን ልትከፍተው ትችላለች። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። «ጥፋትሽ አይደለም» እንድትልሽ ብለሽ አትሂጂ። ያንን ከእሷ አፍ ለመስማት ከሄድሽ ቡናው ፍርድ ቤት ይሆናል። ብትልሽ ስጦታ ነው። ባትልሽም ልጇ አንቺ ብቻ ሳትሆኚ እሱም እንደሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ምናልባት አንቺ ጌታን ከተቀበልሽ ወዲህ በመካከላችሁ ሌላ ዝምታም ገብቶ ይሆን? አይነገርም እንጂ በብዙ ቤት አለ። እናትሽ ዳዊት የምትደግም ከሆነ መዝሙር 87ን ታውቀዋለች። በአንቺ መጽሐፍ ቅዱስ 88 ነው፤ ቁጥሩ ነው እንጂ ልቅሶው አንድ ነው። ከመዝሙረ ዳዊት ሦስት እጅ አንዱ ያህል አቤቱታ ነው፤ አብዛኞቹ ግን መጨረሻቸው ላይ ወደ ተስፋ ወይም ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይህኛው አይዞርም። ጮኾ ጮኾ እዚያው ያበቃል። ያም ጸሎት ነው ተብሎ ከ150ዎቹ ተቆጠረ። አብራችሁ ብታነቡት ከማናችሁም እምነት የሚጎድል ነገር የለም። (እናንተ መዘምራን ደግሞ የመዝሙር ዝርዝራችሁን አንድ ቀን ቁጠሩትና ስንቱ ልቅሶ እንደሆነ ንገሪኝ።)

ደብዳቤሽ ውስጥ ንስሐ የሚያስፈልገው ነገር አንድ አግኝቻለሁ። ጥፊው ነው። እሱም ዛሬ ማታ ያልቃል። ልጅሽ ጋ በርከክ ብለሽ «ያን ቀን መምታቴ ልክ አልነበረም። እናትህ ውሃ ስለምትፈራ ነው እንጂ አንተ ምንም አላጠፋህም» በይው። «አላለቀሰም» ያልሽው አንቺን እንዳስፈራሽ እኔንም አስፈርቶኛል። አለማልቀስ ሳይነገርም ይወረሳል። ካለቀሰ አታባብዪው፤ ይጨርስ። ውሃውንም ለዘላለም አትከልክዪው። ዋና ይማር። አባቱ ይውሰደው፤ አንቺ ያን ቀን ከጓደኛሽ ጋር ሌላ ቦታ ሁኚ። ዳር ቆመሽ ማየት የሚቻልሽ ቀን ሲመጣ ይመጣል።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ ሁለት ሦስት ወር እረፊ። ሰበብ አትደርድሪ፤ «ትንሽ ማረፍ እፈልጋለሁ» ይበቃል። ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ሌሎች ይዘምሩልሽ። የጥምቀት ፕሮግራም ላይ ደግሞ እስኪሻልሽ አትቁሚ።

ስለ እንቅልፉ ግን እንደ ቀልድ አላልፈውም። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። እኛ አገር «አማኑኤል» ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ እዚያ የሚሄደው ግን እንደ አንቺ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ የሚገባ ሰው ጭምር ነው። አማኑኤል ሆስፒታል አንዱ ነው፤ በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ስትሄጂ ይህንኑ ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ፤ እንደገና ከመጀመር ያድንሻል። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ባለቤትሽን ይዘሽ ሂጂ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ደብዳቤሽን ለሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ያየሁት ነው። የጨዋታውን ስም ጽፈሻል። የጫማውን ዓይነት ጽፈሻል። የታናሽሽን ስም ጽፈሻል፤ በእሱም ፈርመሻል። የዚያን ልጅ ስም ግን አንድም ቦታ አልጻፍሽውም። «እሱ» ነው ያልሽው። ስሙን ጮክ ብለሽ የጠራሽው መቼ ነው? ልጅ ሆነሽ እራት ደርሷል ስትዪው ምን ብለሽ ነበር የምትጣሪው? ሙሉ ስሙን ወይስ የቤት ስም ነበረው?

ከእናትሽ ጋር ቡናውን ከጠጣሽ በኋላ ጻፊልኝ። ምንም ባትጨምሪበት ግድ የለም። ፊርማው ላይ ግን የማስረሻ እህት አትበዪ። በእሱ ስም ፈርሚልኝ። አላትመውም።